ሰትልመንት ሀውስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በድሃ የከተማ ሰፈሮች ስለተከፈቱት የማኅበራዊ አገልግሎት ቤቶች ሰው ደጋግሞ የሚጠይቃቸው እነዚህ ናቸው፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሰትልመንት ሀውስ ምንድን ነው?

በድሃ የከተማ ሰፈር መሃል የተከፈተ ቤት ነው። የተማሩና ኑሮ የሞላላቸው ሰዎች የራሳቸውን ሰፈር ትተው ይመጡና እዚያ ይኖራሉ። እዚያው ይበላሉ፣ እዚያው ያድራሉ፣ ከጎረቤት ጋር ይተዋወቃሉ። በዚያው ቤት የማታ ትምህርት ይሰጣል፤ የሕፃናት መዋያ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ክሊኒክ፣ የስብሰባ አዳራሽ ይኖራል። በሩ ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ክፍት ነው።

ዋናው ነገር ግን አገልግሎቱ አይደለም፤ አብሮ መኖሩ ነው። ክሊኒክማ የትም ይከፈታል። እዚህ ግን ሐኪሟ ሥራ ስትጨርስ ወደ ሌላ ሰፈር አትሄድም። ውሃ ሲጠፋ እሷም ጋ ይጠፋል። ቆሻሻ ሳይነሳ ሲከርም እሷም ደጅ ይከርማል። ሐሳቡ በሙሉ የቆመው እዚህ ላይ ነው።

ከሰፈራ ፕሮግራም ጋር ይገናኛል?

ሰትልመንት ሲተረጎም ሰፈራ ቢሆንም፣ አይገናኝም። በደርግ ጊዜ ሰው ከሰሜን ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ የተጓጓዘበት ሰፈራ ሌላ ነገር ነው። በዜና የምንሰማው የእስራኤል ሰፈራም ሌላ ነው። እዚህ ቦታውን የቀየረው ድሃው ሳይሆን ባለጸጋው ነው፤ ያስገደደውም የለም። እንዳይምታታ ብዬ ከዚህ በታች ሰትልመንት እያልኩ እቀጥላለሁ።

መቼና የት ተጀመረ?

ምሥራቅ ለንደን፣ ዋይትቻፕል በሚባል ሰፈር፣ በ1884። ሳሙኤል ባርኔት የተባለ የአንግሊካን ቄስ ከባለቤቱ ከሄንሪየታ ጋር ወደዚህ ሰፈር የገባው 1873 ላይ ነበር። ጳጳሱ ራሳቸው ከሀገረ ስብከታቸው የከፋው ደብር ይህ ነው ብለውት ነበር ይባላል። ወደብ ላይ የቀን ሥራ የሚጠብቅ፣ ከአገሩ ተሰዶ የመጣ፣ በአንድ ክፍል ተጨናንቆ የሚያድር ሰው የሞላበት ሰፈር ነው። ባልና ሚስቱ አሥር ዓመት ያህል እንደቆዩ አንድ ነገር ገባቸው። ሀብታሙ ምጽዋት ይልካል፤ ድሃውን ግን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ስለዚህ ባርኔት ኦክስፎርድ ድረስ ሄዶ ለተማሪዎቹ ንግግር አደረገ። የጠየቃቸው ገንዘብ አልነበረም፤ መጥተው እንዲኖሩ ነው።

ቤቱ ቶይንቢ ሆል ተባለ። አርኖልድ ቶይንቢ የኦክስፎርድ መምህርና የባርኔቶች ወዳጅ ነበር። 1883 ላይ፣ ገና በ30 ዓመቱ ሞተ። የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች የገቡት በ1884 የገና ዋዜማ ነው። ቀን ቀን መሃል ከተማ መደበኛ ሥራቸውን ይሠራሉ። ማታ ያስተምራሉ፣ ከወደብ ሠራተኛው ጋር ቁጭ ብለው ይከራከራሉ።

ለምን በዚያ ዘመን?

ከተሞች ከአቅማቸው በላይ ስላበጡ ነው። ቺካጎን ብንወስድ በ1880 ወደ 500,000 ሰው ነበራት። አሥር ዓመት ሳይሞላ ከሚሊዮን አለፈች። ያን ሁሉ ሰው የሚያስተናግድ ፍሳሽ የለም፣ ትምህርት ቤት የለም፣ የሥራ ሰዓት ሕግ የለም፣ የጡረታ ነገርማ አይነሳም። ፋብሪካው ሰው ይጠራል፤ ከተማው ማደሪያ የለውም።

ወደ አሜሪካ እንዴት ተሻገረ?

ቶይንቢ ሆልን አይተው በተመለሱ ሰዎች። ስታንተን ኮይት የተባለ ሰው ለንደን ቆይቶ ሲመለስ በ1886 ኒው ዮርክ ውስጥ የመጀመሪያውን ከፈተ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሰትልመንት የሚባለው እሱ ነው። ጄን አዳምስ ደግሞ 1888 ላይ አውሮፓን ስትዞር ዋይትቻፕልን አየች። በማግስቱ ዓመት፣ በመስከረም 1889፣ ከጓደኛዋ ከኤለን ጌትስ ስታር ጋር ቺካጎ ሃልስትድ ጎዳና ላይ አንድ ያረጀ ትልቅ ቤት ውስጥ ገቡ። ሀል ሀውስ ይህ ነው። ዙሪያው ጣሊያን፣ ግሪክ፣ ጀርመን፣ አይሪሽ፣ ከሩሲያና ከፖላንድ የመጣ አይሁድ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እንደ ሰደድ እሳት ተያያዘ። አሜሪካ ውስጥ በ1891 ስድስት ብቻ ነበሩ። 1910 ላይ 400 ገደማ ደረሱ። ከመሪዎቹ ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ሴት በዚያ ዘመን ከማግባትና ከማስተማር ሌላ ብዙ በር አልነበራትም።

ቤቱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራ ነበር?

ሀል ሀውስን እንውሰድ። ጠዋት እናቶች ፋብሪካ ሲገቡ ልጆቻቸውን ያስቀምጣሉ። ከሰዓት ተማሪዎች ይመጣሉ። ማታ አዋቂዎች እንግሊዝኛ ይማራሉ፣ ሙዚቃ ይሰማሉ፣ የሠራተኛ ማኅበራት ይሰበሰባሉ። ገላ መታጠቢያ ነበር፤ ሰፈሩ ውስጥ ብርቅ ነበር ይህ። ለወጣት ሠራተኛ ሴቶች በራሳቸው የሚተዳደር የጋራ መኖሪያም ተከፈተ። በሁለተኛ ዓመቱ በሳምንት እስከ 2,000 ሰው ይመላለስ ነበር። በኋላ 13 ሕንፃ ሆነ። የጃዝ ክላርኔት ተጫዋቹ ቤኒ ጉድማን በልጅነቱ የተጫወተው በዚህ ቤት ባንድ ውስጥ ነው።

ከሁሉ ግን እኔን የሚገርመኝ በ1900 የከፈቱት የእጅ ሥራ ሙዚየም ነው። አዳምስ አንዲት ጣሊያናዊት አሮጊት በእንዝርት ስትፈትል አየች። የሰፈሩ ልጆች ደግሞ በእናቶቻቸው ያፍራሉ፤ እንግሊዝኛ አይችሉ፣ ሻርፕ ከራሳቸው አያወልቁ። ስለዚህ እናቶቹን መምህር አደረገቻቸው። ፈትል፣ ሽመና፣ ሸክላ ለእንግዳ እያሳዩ ያስረዳሉ። ልጆቹም እናታቸው የምትከበርበት ቦታ እንዳለ አዩ። ዋሽንግተን ወይም ሚኒሶታ ልጅ የምታሳድጉ ይህ ታሪክ የትኛው ቦታ ላይ እንደሚነካ ታውቁታላችሁ።

እዚያ የሚኖሩት ሰዎች ደመወዝ ነበራቸው?

አብዛኞቹ አልነበራቸውም። እንዲያውም የክፍልና የምግብ ይከፍሉ ነበር። ሌላ ቦታ ሠርተው ወይም ከቤተሰብ ገንዘብ ይኖራሉ፤ ትርፍ ጊዜያቸውን ለሰፈሩ ይሰጣሉ። ደመወዝተኛ የሶሻል ሠራተኛ የተለመደው በኋላ ነው። ያ ሲመጣ ግን ሠራተኛው ከሰፈሩ ወጥቶ መኖር ጀመረ። ተገኘ ወይስ ተጎዳ? ሙያው ተገኘ፤ ጉርብትናው ተጎዳ።

ከእርዳታ ድርጅት በምን ይለያል?

በዚያ ዘመን የበጎ አድራጎት ማኅበራት ጎብኚ ይልኩ ነበር። ጎብኚው ቤት ለቤት ይዞራል፤ ይሄኛው ለእርዳታ ይገባዋል፣ ያኛው ሰካራም ነው እያለ ይመዘግባል። ጥያቄው ሰውየው ምን አጠፋ የሚል ነው። የሰትልመንት ሰዎች ግን ጎረቤት ስለሆኑ ሌላ ነገር ያያሉ። ሰካራም ያልሆነው፣ ጎበዙም፣ ጸሎተኛውም ድሃ ነው። ታዲያ ጥፋቱ የሰውየው ብቻ ሊሆን አይችልም። ኪራዩን፣ ደመወዙን፣ ውሃውን መመርመር ጀመሩ።

ልዩነቱ እንዲህ ሲጻፍ ጥርት ያለ ይመስላል። በተግባር ግን ሁለቱ ይደበላለቁ ነበር፤ ባርኔት ራሱ በመጀመሪያ የበጎ አድራጎት ማኅበራት ሰው ነበር።

ሕግ እስከማስለወጥ ደርሰዋል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ሀል ሀውስ በተከፈተ በመጀመሪያው ገና ለሰፈሩ ልጆች ከረሜላ ታደለ። አንዳንድ ትናንሽ ልጃገረዶች ግን አንቀበልም አሉ። ከረሜላ ፋብሪካ ውስጥ በቀን 14 ሰዓት ሲሠሩ ከርመው ዓይኑን ማየት አስጠልቷቸዋል። እንግዲህ ከረሜላ ማደል ብቻውን መልስ አልሆነም።

1891 ላይ ፍሎረንስ ኬሊ ከባሏ ሸሽታ፣ ሦስት ልጆች ይዛ ወደ ቺካጎ መጣችና ሀል ሀውስን ተጠጋች። ሰፈሩን ቤት ለቤት እየዞረች አጠናች። ሕፃናት በየጓዳው ልብስ ሲሰፉ ያየችውን ሁሉ ጻፈች። በ1893 የኢሊኖይ ግዛት ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅ ፋብሪካ እንዳይሠራ ከለከለ፤ ለሴቶችና ለልጆች የስምንት ሰዓት ገደብ አወጣ። ኬሊም የግዛቱ የፋብሪካ ዋና ተቆጣጣሪ ሆነች። ፋብሪካዎቹ ግን ዝም አላሉም። 1895 ላይ ፍርድ ቤት የስምንት ሰዓቱን ድንጋጌ ሻረው። በዚያው ዓመት ሀል ሀውስ ሰፈሩን ቤት በቤት በቀለም የሚያሳይ ካርታ አሳተመ፤ ማን ከየት እንደመጣ፣ በሳምንት ስንት እንደሚያገኝ።

የቆሻሻው ነገርም አለ። አዳምስ የሰፈሩን ቆሻሻ የማንሳት ጨረታ ራሷ ተወዳደረች። ጨረታውን አልሰጧትም፤ ከንቲባው ግን ተቆጣጣሪ አድርጎ ሾማት። ከዚያ በኋላ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ተነስታ ጋሪዎቹን መከተል ሆነ። አንድ መንገድ ላይ 18 ኢንች ቆሻሻ ሲጠረግ ከሥሩ ድንጋይ የተነጠፈበት ጎዳና ወጣ። ነዋሪው መንገድ እንዳለው አያውቅም ነበር! በ1899 ደግሞ ቺካጎ ውስጥ የአሜሪካ የመጀመሪያው የሕፃናት ፍርድ ቤት ሲቋቋም የሀል ሀውስ ሴቶች ከኋላው ነበሩ። እዚያው ትኖር የነበረችው ሐኪም አሊስ ሃሚልተን እርሳስ በሚባለው ብረት የሚመረዙ ሠራተኞችን አጥንታ የሥራ ላይ ጤናን በር ከፈተች። እንግሊዝም ውስጥ እንዲሁ ነው። የብሪታንያን ማኅበራዊ ዋስትና በ1942 በሪፖርቱ የነደፈው ዊልያም ቤቨሪጅና ከ1945 ጀምሮ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ሥራ ላይ ያዋለው ክሌመንት አትሊ ሁለቱም በወጣትነታቸው ቶይንቢ ሆል ሠርተዋል።

የሰፈር ነርስ የተጀመረው ከዚህ ነው?

አሜሪካ ውስጥ ስሙም ሥራውም ከሊሊያን ዋልድ ጋር የተያያዘ ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ለስደተኛ እናቶች የቤት ውስጥ አስታማሚነት ታስተምር ነበር። አንድ ቀን አንዲት ሕፃን መጥታ እናቴ ታማለች አለቻት። ተከትላት ሄደች። ወልዳ የተኛች እናት፣ ደም የነካው አልጋ፣ የጠበበ ክፍል። ይህ በ1893 ነው። ዋልድ ከዚያ በኋላ ወደ ሰፈሩ ገባችና ሄንሪ ስትሪት ሰትልመንትን መሠረተች። ነርሶቿ ቤት ለቤት እየሄዱ ያክማሉ፤ የሚችል ጥቂት ሳንቲም ይከፍላል፣ የማይችል በነፃ። 1902 ላይ ከነርሶቿ አንዷን ወደ ትምህርት ቤቶች ላከች። በኒው ዮርክ የትምህርት ቤት ነርስ አገልግሎት የጀመረው በዚህ ነው።

ሃይማኖት ይሰበክ ነበር?

እንደየቤቱ ነው። ባርኔት ቄስ ቢሆንም ቶይንቢ ሆል ውስጥ ማንንም አያስገድድም ነበር። ይህ ያልጣማቸው ሰዎች በዚያው በ1884 ኦክስፎርድ ሀውስ የሚባል የበለጠ መንፈሳዊ ቤት ቤትናል ግሪን ውስጥ ከፈቱ። ሀል ሀውስ ውስጥ መደበኛ አምልኮ አልነበረም፤ በዚህም እግዚአብሔር የለሽ ተብሎ ተሰድቧል። ካቶሊክ፣ ኦርቶዶክስና አይሁድ ባለበት ሰፈር አንዱን መስበክ ሌላውን ማባረር እንደሆነ ገብቷቸው ነበር። በአንጻሩ ሰትልመንት የሚል ስም ለጥፈው ልጆችን ለማስቀየር የሚሠሩም ነበሩ። ወላጆች በሩ ላይ ቆመው ቢያመነቱ አይፈረድባቸውም።

ታዲያ እኛ እድር የምንለው ማለት አይደል?

አይደለም። እድር ከውስጥ ነው የሚነሳው፤ አባሉ ራሱ መሥራች፣ ራሱ ከፋይ፣ ራሱ ዳኛ ነው። ሰትልመንት ከውጭ በመጣ ሰው ይጀመራል። እድር ውስጥ ድንኳኑና ወንበሩ የሁላችን ነው፤ ሰትልመንት ውስጥ ሕንፃው የቦርዱ ነው። እስራኤል ያለ አንባቢ ማትናስን ቢያስብ ይበልጥ ይቀርበዋል፤ ሰፈር ውስጥ ያለ ማዕከል፣ ትምህርትም ጨዋታም ምክርም የሚገኝበት።

ከእድር ጋር የሚመሳሰለው ሌላ ወገን ነው፤ ጥቁር አሜሪካውያን ራሳቸው የመሠረቷቸው።

ጥቁር አሜሪካውያን ይገቡ ነበር?

ብዙዎቹ ቤቶች አያስገቡም ነበር፤ ወይም ለብቻ ቀን ይሰጣሉ፣ ወይም ሰፈሩ በጥቁሮች ሲሞላ ቤቱን ነቅለው ይሄዳሉ። ሊሊያን ዋልድ ለየት ካሉት ጥቂቶች አንዷ ናት። በ1909 ኤንኤኤሲፒ የተባለው የጥቁር አሜሪካውያን የመብት ማኅበር የተወለደበት ጉባኤ ተሰብሳቢዎች፣ ጥቁርና ነጭ አብረው፣ የተስተናገዱት ሄንሪ ስትሪት ውስጥ ነው።

ጥቁሮቹ ግን ቁጭ ብለው አልጠበቁም። በ1908 ሉጂኒያ በርንስ ሆፕ አትላንታ ውስጥ ኔበርሁድ ዩኒየንን መሠረተች። ሴቶቹ ከተማውን በቀጠና ከፋፈሉ፤ በየቤቱ እየገቡ ማን ታመመ፣ የማን ልጅ ከትምህርት ቤት ቀረ፣ የትኛው መንገድ መብራት የለውም እያሉ መዘገቡ። ከዚያ ከተማ አስተዳደሩን ፋታ ነሱት። ሚኒያፖሊስ ውስጥ ደግሞ በ1924 የተከፈተው ፊሊስ ዊትሊ ሀውስ ሆቴል የማይቀበላቸውን ጥቁር አርቲስቶች ያሳድር ነበር። የዩኒቨርሲቲው ማደሪያ የማያስገባቸውን ተማሪዎችም እንዲሁ። በእኔ አስተያየት የሐሳቡ ጠንካራ መልክ ያለው እዚህ ነው፤ መጽሐፍ ላይ ግን ሁሌም በግርጌ ይቀራል።

ዛሬም አሉ?

አሉ። ቶይንቢ ሆል እዚያው ምሥራቅ ለንደን፣ ኮሜርሻል ስትሪት ላይ አለ፤ የሕግና የዕዳ ምክር በነፃ ይሰጣል። ኒው ዮርክ ውስጥ ሄንሪ ስትሪትና ዩኒቨርሲቲ ሰትልመንትን ጨምሮ ከ40 በላይ አሉ። የእንግሊዝኛ ትምህርት፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የልጆች ፕሮግራም፣ የአረጋውያን ምሳ። እዚያ አካባቢ ከሆናችሁ ገብቶ መጠየቅ ነው። አብሮ የመኖሩ ነገር ግን ከሞላ ጎደል ቀርቷል፤ ሠራተኞቹ እንደማንኛውም ሰው ማታ ባቡር ይዘው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

ሀል ሀውስስ ምን ሆነ?

ይሄ መራር ነው። በ1961 የቺካጎ ከተማ ለአዲስ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ያንን ሰፈር መረጠ። ፍሎረንስ ስካላ የምትባል፣ የጣሊያናዊ ልብስ ሰፊ ልጅ፣ በልጅነቷ ሀል ሀውስ ስትመላለስ ያደገች፣ ጎረቤቶቿን አስተባብራ ተነሳች። የከንቲባው ቢሮ ድረስ ሄደው ተቀመጡ፤ ፍርድ ቤት ከሰሱ። የሀል ሀውስ ቦርድስ? ሸጠ። ቦርዱ ውስጥ የነበሩት ሰዎች በአብዛኛው የሰፈሩ ነዋሪዎች አልነበሩም። 1963 ላይ ክሱ ወደቀ፤ ከ13ቱ ሕንፃዎች ዋናው ቤትና የመመገቢያ አዳራሹ ብቻ ቀሩ። ዛሬ ሙዚየም ናቸው።

ድርጅቱ በየሰፈሩ ቅርንጫፍ ከፍቶ ቀጠለ። እየቆየ ግን ኑሮው በመንግሥት ኮንትራት ላይ ተንጠለጠለ። በጥር 2012 ገንዘብ አልቆበት በድንገት ተዘጋ፤ 300 ያህል ሠራተኛ ተበተነ።

ሀብታም መጥቶ ድሃውን «ሊያስተካክለው» መሞከር አይደለም ወይ?

በከፊል ነው፤ መካድ አያስፈልግም። ሀል ሀውስ አንድ ጊዜ በሳይንስ የተመጠነ፣ ገንቢ የተባለ ምግብ የሚሸጥ ወጥ ቤት ከፈተ። ጎረቤቱ አልገዛም አለ። አንዲት ሴት ገንቢ መሆኑን እንደማትክድ፣ እሷ ግን የምትበላው ያሰኛትን እንደሆነ ነገረቻቸው። ጣሊያን ቤት ሄደህ ያለ ነጭ ሽንኩርት የተቀቀለ ነገር መሸጥ እንግዲህ ድፍረት ነው። ሌሎች ቤቶች ከዚህ ብሰው ስደተኛውን በግድ አሜሪካዊ ለማድረግ ልብሱንም አነጋገሩንም ያርሙ ነበር።

አዳምስን ከብዙዎቹ የሚለያት ወጥ ቤቱን ሰው ቁጭ ብሎ ቡና ወደሚጠጣበት ቤት መቀየሯ ነው። ሰፈሩ የፈለገው ቁጭ ብሎ የሚያወራበት ቦታ ነበር፤ ሰጠችው። ግን ልብ በሉ፣ የቀየረችውም እሷ ናት። የሰፈሩ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚወስንበት አሠራር ካልተሠራ፣ ደግ ሰው እስካለ ብቻ ነው የሚሠራው። የ1963ቱ ነገር ይህንን አሳይቷል።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

አንድ ቀጥተኛ ክር አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት በንጉሡ ዘመን፣ በ1959 ተከፍቶ በደርግ ጊዜ ተዘግቶ ነበር። በ2004 በማስተርስ ደረጃ እንደገና ሲከፈት ዋና አጋሩ የቺካጎው ጄን አዳምስ የሶሻል ወርክ ኮሌጅ ነበር። አዎ፣ ሀል ሀውስን ባፈረሰው ግቢ ውስጥ ያለው፣ በእሷ ስም የተሰየመው። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ፒያሳ አጠገብ ገዳም ሰፈር ውስጥ ከነዋሪው ጋር ሠርተዋል። የጀመሩት ምን ይጎድላችኋል ብለው ሳይሆን ምን አላችሁ ብለው ነበር፤ እድሩን፣ ሙያውን፣ ሽማግሌውን ቆጥረው።

አዲስ አበባ ውስጥ ቢከፈት ይሠራል?

ድሮ ቢሆን ለምን ያስፈልጋል ባልኩ ነበር። አዲስ አበባ ዋይትቻፕል አልነበረችም። የባለቪላው አጥርና የቀበሌ ቤቱ ግድግዳ የተጣበቁባት፣ ሹሙና ጉልት ነጋዴዋ አንድ እድር የሚቀመጡባት ከተማ ነበረች። ባርኔት ለምኖ ያመጣውን ጉርብትና እኛ ሳንለምን ነበረን። ነባር ሰፈሮች እየፈረሱ፣ አንዱ ዳር ኮንዶሚኒየም ሌላው አጥር ያለው አፓርታማ ሲገባ ግን መልሱ ይቀየራል።

እኔን ከጠየቃችሁ በአትላንታው መንገድ ቢሆን ይሻላል። አዲስ ድርጅት፣ አዲስ ታርጋ፣ አዲስ ላንድክሩዘር ከማምጣት ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ያለውን እድር መጠየቅ። ድንኳን ከሚያስቀምጥበት ክፍል ጎን ሌላ ክፍል ቢገኝ፣ ማታ ልጆች የሚያጠኑበት፣ የሰፈሩ ነርስ ቅዳሜ ግፊት የምትለካበት። ቁልፉ እድሩ ጋ ይሁን።